የላኪው ስም የሚጻፍበት መስመር

እትዬ ውብነሽ ማረፋቸውን የነገሩኝ የባንኩ ዘበኛ ጋሽ ቶሎሳ ናቸው። የቅርንጫፉን አሮጌ የጽሕፈት መኪና በትከሻቸው ተሸክመው ወደ ጥገና ሱቄ ገቡና ጠረጴዛው ላይ አሳረፉት። «“መ” ተጣብቃ አልነሳ አለች» አሉኝ። ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ ቆይተው ደግሞ፣ የመኪናውን ሌላ ብልሽት እንደሚነግሩኝ ሁሉ በዚያው ድምፅ፣ «ውብነሽም ትናንት አረፈች። ቀብሯ ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ነው» አሉ።

መፍቻዬን አስቀመጥኩ። መልሼ አነሳሁትና ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካክዬ አስቀመጥኩት። ጋሽ ቶሎሳ አመሌን ስለሚያውቁ መኪናውን ትተውልኝ ወጡ።

መጀመሪያ ዓይኔ ላይ የመጣው የእትዬ ውብነሽ ፊት አይደለም፤ ግራ መዳፋቸው ነው።

የሚጽፉትን ወረቀት ሁልጊዜ በግራ መዳፋቸው ይሸፍኑ ነበር። ሰው ወደ ጠረጴዛቸው ሲቀርብ እጃቸው ከዓይናቸው ቀድሞ ያውቃል፤ ቀና ሳይሉ መዳፋቸው ወረቀቱ ላይ ያርፋል። የመጣው ሥራ አስኪያጁ ይሁን ጽዳት ሠራተኛዋ ልዩነት የለውም። ምሳ ስንበላ እንኳ ዳቧቸውን እንዲያ ሸፍነው ያወሩ ነበር። አንዱ ገንዘብ ከፋይ፣ «እትዬ፣ ዳቦውም ሚስጥር ነው እንዴ?» ቢላቸው፣ «ስንት እንደቀረኝ ካወቅክ ትለምነኛለህ» አሉት።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ታይፕ የተማርኩት ፊደሎቹን ካርቶን ላይ ስዬ፣ ካርቶኑን እየመታሁ ነው። ናዝሬት ያለው ያ የባንክ ቅርንጫፍ ሲቀጥረኝ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የመደቡኝ ሐዋላ ክፍል ሲሆን፣ ክፍሉ ማለት እትዬ ውብነሽ፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ካዝናና እኔ ነበርን።

ሐዋላ ክፍል የሚሠራውን ሳላስረዳ የሚቀጥለውን መናገር አልችልም። አንድ ሰው ናዝሬት ላይ ገንዘብ ያስገባል፤ ዘመዱ ዝዋይ ላይ ይቀበላል። ገንዘቡ ራሱ የትም አይሄድም፤ የሚሄደው ወሬው ነው። እኛ የቴሌግራም ቅጽ እንሞላለን፣ ቅጹ ወደ ቴሌግራም ቢሮ ይወሰዳል፣ እዚያ ያለችው ሠራተኛ በስልክ ለዝዋይ ታነበዋለች። መስመሩ ስለሚንሿሿ እየጮኸች ነው የምታነበው። ዝዋይ ያለውም የሰማውን እየጮኸ ይደግምላታል። በሁለቱም ቢሮ ቴምብር የሚገዛው፣ ስልክ የሚጠብቀው፣ ከፀሐይ የተጠለለው ሁሉ ይሰማል። አንድ የክፍያ መልእክት ከእኛ ጠረጴዛ ተነስቶ እስኪደርስ በስንት ጆሮ እንደሚያልፍ የሚያውቅ የለም።

አታላይ የውሸት ቴሌግራም ልኮ ገንዘብ እንዳያወጣ፣ ቅጹ መጨረሻ ላይ የሚስጥር ቁጥር ይጻፋል። ቁጥሩ ካዝና ውስጥ ካለ መጽሐፍ እየተሰላ ይወጣል። እትዬ ውብነሽ ሲያሰሉ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የሚቆጥሩት ግን በፈረንሳይኛ ነበር። አባታቸው ባቡር ጣቢያ ቴሌግራም መቺ ስለነበሩ ቁጥር ያስተማሯቸው በዚያ ቋንቋ ነው። «ዊት፣ ኔፍ፣ ዲስ» ሲሉ ስሰማ ለኔ ጸሎት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ለምን በአማርኛ እንደማይቆጥሩ ጠየቅኳቸው። «በአማርኛ ከቆጠርኩማ ላንተ ነገርኩህ» አሉኝ።

ይህ የባንኩ ጥንቃቄ ነው። የራሳቸው ጥንቃቄ ሌላ ነበር። ቅጹ አምስት መስመር አለው፤ የገንዘቡ ልክ፣ የተቀባይ ስም፣ የላኪ ስም፣ የተላከበት ምክንያት፣ የሚስጥር ቁጥር። እትዬ ውብነሽ የሚሞሉት የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ብቻ ነው። ስሞቹን በደብዳቤ ጽፈው፣ በታሸገ የፖስታ ከረጢት፣ በማግስቱ ጠዋት አውቶቡስ ይልካሉ። ዝዋይ ያለው ባልደረባቸው ሁለቱን አገናኝቶ ይከፍላል። በዚህ የተነሳ የእኛ ሐዋላ ከሌላው አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ቀን ይዘገያል።

ይህን የጀመሩት ከፖለቲካው በፊት ነው። አንዲት የመቂ ሽንኩርት ነጋዴ ብዙ ብር እንደተላከላት ቴሌግራም ቢሮ ውስጥ ከነስሟ ተነበበ፤ ሴትዮዋ ገንዘቧን ተቀብላ መናኸሪያ ሳትደርስ ተደብድባ ተዘረፈች። ከዚያ ወዲህ እትዬ ውብነሽ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚደጋግሙት፤ ስምና ገንዘብ በአንድ መንገድ አይሄዱም። ደንበኛ በመዘግየቱ ሲቆጣ፣ ሥራ አስኪያጁ ሲያጉረመርሙ መልሳቸው ያችው ናት።

እኔን ግን ባዶዎቹ መስመሮች ይረብሹኝ ነበር። ቅጽ የታተመው ሊሞላ ነው ብዬ አምናለሁ። አምስት መስመር ያለው ወረቀት ላይ ሦስቱ ባዶ ሆነው ሳይ ቁልፉ ያልተቆለፈ ሸሚዝ የማይ ይመስለኛል። አንድ ሁለት ጊዜ ይህንኑ ብነግራቸው፣ «ደረጀ፣ ያልተጻፈ ነገር ማንም አያነበውም» ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ። ነገሩ ገብቶኛል ብዬ ነበር።

ያ ቀይ ሽብር የተባለው ጊዜ ሲመጣ ባዶዎቹ መስመሮች ሌላ ትርጉም ያዙ። ሰው ልጁን የሚያሸሽበት ጊዜ ነበር። አንድ ቀን አንድ የቀበሌ ጥበቃ ጠመንጃውን እንዳነገተ ገባና ከናዝሬት ወደ ዝዋይና ወደ ሻሸመኔ ገንዘብ የሚልኩትን ሰዎች ስም ማየት እፈልጋለሁ አለ። እትዬ ውብነሽ መዳፋቸው ወረቀቱ ላይ እንደሆነ ቀና ብለው አዩት።

«የማን ልጅ ነህ?» አሉት።

ነገራቸው። አባቱን ያውቋቸዋል፤ ጤንነታቸውን ጠየቁት። ከዚያ፣ «እስቲ ያንን ነገር ግድግዳው ላይ አስደግፍልኝ፤ ጥላው ወረቀቱ ላይ አርፎ አላሳየኝ አለ» አሉ። ልጁ ሳያስበው ጠመንጃውን አስደገፈ። የሚፈልገውን ለማየት ከዋናው መሥሪያ ቤት የተጻፈ ደብዳቤ እንደሚያስፈልግ፣ ደብዳቤውን ለማግኘት የት የት መሄድ እንዳለበት በዝርዝር ነገሩት። ሰላምታ ሰጥቶ ወጣ። ጠመንጃውን ረስቶ ስለነበር ተመልሶ መጣ፤ ጋሽ ቶሎሳ ይህን እስከዛሬ እየሳቁ ያወሩታል። እኔ ያየሁት ግን ልጁ ከወጣ በኋላ እትዬ ውብነሽ መዳፋቸውን ሲያነሱ ወረቀቱ በላብ ርሶ እንደነበር ነው።

ኦቦ ገመቹ ደንበኛቸው ነበሩ። ወለንጪቲ አጠገብ ጤፍና ሽንኩርት የሚያርሱ፣ ቁመታቸው ረጅም፣ ንግግራቸው አጭር ሽማግሌ። ናዝሬት ሁለተኛ ደረጃ የሚማረው ልጃቸው ሲፈለግ ከከተማው ጠፍቶ ነበር። በየወሩ ዝዋይ ለምትኖር የአንድ ዓሣ አጥማጅ ሚስት ጥቂት ብር ይልካሉ፤ ልጁ ያለው እዚያች ሴት ቤት ነው። የዓሣ አጥማጁ ቤተሰብ እንኳ የልጁን እውነተኛ ስም አያውቅም። ኦቦ ገመቹ ሲገቡ እትዬ ውብነሽ «አካም ጅርቱ» ብለው ይነሱላቸዋል፤ እሳቸውም «አዴ ውብነሽ» ብለው ባርኔጣቸውን ያነሳሉ። ስለ ዝናብ ያወራሉ። ስለ ልጁ አንድም ቃል ሲያነሱ አልሰማሁም። እኔም የገመትኩት ብሩን ሲቆጥሩ እንዴት እንደሚተነፍሱ ከማየት ነው ማለት ይቻላል።

አንድ ማክሰኞ መጡ። እትዬ ውብነሽ አልነበሩም፤ የሚስጥር ቁጥሩ መጽሐፍ በአዲስ ስለሚቀየር ለሦስት ቀን ወደ አዲስ አበባ ተጠርተው ነበር። በሌሉበት ቁጥሩን ሥራ አስኪያጁ ያወጣሉ፣ ቅጹን እኔ እሞላለሁ። ኦቦ ገመቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠረጴዛዬ ላይ ተደግፈው፣ ልጃቸውን ወባ እንደጣለው፣ ራሱን እስከመሳት እንደደረሰ፣ ክሊኒኩ ያለ ገንዘብ መርፌ አልሰጥም እንዳለ በዝቅተኛ ድምፅ ነገሩኝ።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ዛሬ ይደርሳል?» አሉኝ።

በደብዳቤ ከሄደ ነገ ማታ፣ ምናልባት ከነገ ወዲያ ነው። በቴሌግራም ብቻ ከሄደ ዛሬውኑ ነው። ይደርሳል አልኳቸው።

ዛሬውኑ እንዲደርስ የተቀባይዋን ስም መጨመር ብቻ ይበቃ ነበር። ዝዋይ ለመክፈል ሌላ ምንም አያስፈልገውም። ይህን በዚያን ሰዓትም አውቅ ነበር። ዓመታት ሙሉ ራሴን ስመረምር አላውቅም ነበር የምልበት ቦታ አላገኘሁም። የሴትዮዋን ስም ከመታሁ በኋላ የላኪ ስም የሚለው መስመር ባዶ ሆኖ አየኝ። በጀመርኩት ልጨርስ ብዬ የኦቦ ገመቹን ስም ከነአባታቸው፣ ቀጥሎም ወለንጪቲ ብዬ መታሁ። ምክንያት በሚለው ላይ፦ ለልጃቸው ሕክምና። አምስቱም መስመር ሞላ። ከታች የስሜን የመጀመሪያ ፊደላት አኖርኩ። ወረቀቱን ሳየው ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚህ ሁሉ ነገር የማልረሳው ያንን ደስታ ነው።

እትዬ ውብነሽ ሐሙስ ጠዋት ተመለሱ። ነጠላቸውን ሳያወልቁ የቀሪ ቅጂዎቹን ፋይል አንድ በአንድ ይገልጡ ጀመር። አንዱ ላይ ሲደርሱ መዳፋቸውን ጣል አደረጉበት። ከኔ በቀር ማንም በክፍሉ አልነበረም፤ ከኔ የሚሸፍኑት ነገር ደግሞ አልነበረም፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

«ይህን ሁሉ ማን ጠየቀህ?» አሉኝ።

«ቅጹ ይጠይቃል» አልኳቸው።

የስልኩን እጀታ አነሱ። ወደ ጆሯቸው ወስደው ያዙት፤ የመስመሩ ጩኸት እኔ ድረስ ይሰማል። ምን ማለት ይችሉ ነበር? የሚያስጠነቅቁበት ቃል የሚሄደው በዚያው በቴሌግራሙ መንገድ፣ በእነዚያው ጆሮዎች በኩል ነው። እጀታውን ቀስ ብለው መለሱት። ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ። ጋሽ ቶሎሳ ወዴት ነው ቢሏቸው ራሴን አሞኛል ብለው ወደ መናኸሪያው አቅጣጫ ሄዱ።

በማግስቱ ሥራ ገቡ። ጫማቸው ላይ የዝዋይ መንገድ ነጭ አቧራ ነበር። ተቀምጠው እርሳሳቸውን ቀረጹ። ከዚያ ወደኔ ሳይዞሩ፣ «ልጁን ረቡዕ ከሰዓት ነው የወሰዱት። መርፌውን ወግተውት ነበር፤ ላቡ ወጥቶለት ነበር አለች ሴትዮዋ» አሉ።

ስለዚህ ጉዳይ ለኔ የተናገሩት የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ይኸው ነው። አልጮኹብኝም። ቢጮኹብኝ ኖሮ ብዬ ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ።

ከሳምንት በኋላ ኦቦ ገመቹ መጡ። ባርኔጣቸውን አላነሱም። ልጁን ሊወስዱ የመጡት ሰዎች «የገመቹ ልጅ» ብለው እንደጠሩት፣ በዚያ ቤት ደግሞ ያንን ስም የሚያውቅ እንዳልነበረ ተናገሩ። ስሜን ማን ወሰደላቸው? አሉ። ጥያቄው ለእትዬ ውብነሽ ይሁን ለራሳቸው አልታወቀኝም፤ ዓይናቸው መስኮቱ ላይ ነበር።

እትዬ ውብነሽ ፋይሉን ከፈቱ። ቅጂውን አውጥተው በኦቦ ገመቹ ፊት ዘረጉት፤ ግራ መዳፋቸውን ግርጌው ላይ፣ የስሜ ፊደላት ያሉበት ላይ አኖሩ።

«ወረቀቱ የወጣው ከኔ ክፍል ነው፤ ክፍሉ ደግሞ የኔ ነው» አሉ።

ኦቦ ገመቹ ወረቀቱን አላዩትም፤ ማንበብ አይችሉም። የእትዬ ውብነሽን ፊት አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይደለም፣ አዴ ውብነሽ» ብለው ወጡ። እኔ በሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ተቀምጬ ታይፕ እመታ ነበር። አላቆምኩም። የምመታው የጽሕፈት ዕቃ መጠየቂያ ነበር፤ ሁለት ደስታ ወረቀት፣ አንድ ፓኮ ካርቦን፣ አንድ ጠርሙስ ሙጫ።

ዓመት ሳይሞላ ከባንኩ ወጣሁ። የጽሕፈት መኪና መጠገን የመረጥኩት የሚሰበረው ብረት ስለሆነ ነው። እትዬ ውብነሽን መንገድ ላይ ሳገኛቸው ሥራ እንዴት እንደሆነ ይጠይቁኛል፣ የእናቴን ጤና ይጠይቁኛል። አንድ ጊዜ ሱቄ ድረስ መጥተው ደረሰኝ የምጽፍበትን ደብተር ተመለከቱ። የደንበኛ ስም የሚለው ቦታ በየገጹ ባዶ ነበር። ደብተሩን ዘግተው መዳፋቸውን ለአፍታ ላዩ ላይ አኖሩና ሄዱ።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ በበሩ በኩል ተቀመጥኩ። አጠገቤ ጋቢ የተከናነቡ ሽማግሌ ነበሩ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ሳይ አወቅኳቸው። ከባንኩ ሲወጡ ካየኋቸው አሥር ዓመት ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው፤ ቁመታቸው ጎብጧል። እሳቸው አላወቁኝም። እትዬ ውብነሽን እንዴት እንደሚያውቋቸው፣ እንደማያውቅ ሰው ሆኜ ጠየቅኳቸው።

ኦቦ ገመቹ ቀስ እያሉ ነገሩኝ። እትዬ ውብነሽ በየዓመቱ ሽንኩርት ሲነቀል ወለንጪቲ ይሄዱ ነበር። ከሚስታቸው ጋር ቁጭ ብለው ሽንኩርት ይለቅማሉ፣ ሁለቱም ብዙ አያወሩም። ከመመለሳቸው በፊት ሁልጊዜ ያንኑ ቃል ይሉ ነበር፤ ወረቀቱ የወጣው ከኔ ክፍል ነው።

«ደግ ሴት ነበረች» አሉ ኦቦ ገመቹ። «እኔን ለማጽናናት ራሷን ትከስ ነበር። እኔ ግን አውቀዋለሁ። ያን ቀን ከባንክ ስወጣ መናኸሪያ ሄጄ የዝዋይ አውቶቡስ ስንት ሰዓት ይነሳል ብዬ ጠየቅኩ። ልሂድ ልቅር እያልኩ ነበር። አንድ ሰው አጠገቤ ቆሞ ነበር። መንገዱን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። ሚስቴም ታውቃለች። ከዚያ ወዲህ ዓይኔን አታየኝም።»

የእትዬ ውብነሽ መዳፍ ምን ሲሸፍን እንደኖረ የገባኝ ያኔ ነው። እኔን ሸፍኖኛል፤ በኔ ምትክ ግን ራሱን የሚወነጅል ሰው ነበር። እሳቸው የሚችሉትን ያህል በየዓመቱ ሄደው ተናገሩ። ሊታመኑ ያልቻሉት የሚናገሩት የእውነቱን ግማሽ ብቻ ስለነበረ ነው፤ ሌላው ግማሽ እኔ ጋ ነበር።

«ኦቦ ገመቹ» አልኳቸው፤ ስማቸውን ሲሰሙ ዞሩ። «ያን ቀን ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እርስዎ መናኸሪያ ከመድረስዎ በፊት ስምዎ በስልክ ተነቧል። የእርስዎን ስም፣ ወለንጪቲን፣ ለልጃቸው የሚለውን ጭምር ጽፌያለሁ። ማንም አልጠየቀኝም። እትዬ ውብነሽ አዲስ አበባ ነበሩ።»

ከድንኳኑ ወዲያ ሴቶች ሳህን ያጥባሉ።

«ለምን ጻፍከው?»

«መስመሩ ባዶ ስለነበር።»

ኦቦ ገመቹ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ሲያዞሩ ቆዩ። ይቅር አሉኝ ብዬ አልጽፍም፤ አላሉም። የማን ጆሮ እንደሰማው፣ በእርግጥ በስልኩ ይሁን በመናኸሪያው ሰው፣ እኔም እሳቸውም አናውቅም። ብቻ ትከሻቸው ሲወርድ አየሁ።

«ይህን አሁን ያልከውን ጻፍልኝ» አሉ በመጨረሻ። «ለሚስቴ ይነበብላት። እኔ ብነግራት አታምነኝም።»

ከኪሴ የሱቁን ደብተር አውጥቼ አንድ ገጽ ገነጠልኩ። ቀኑን፣ የሆነውን፣ ማን ምን እንደጻፈ በአራት መስመር ጻፍኩ፤ ከግርጌ ሙሉ ስሜን አኖርኩ። ልጁ ጋ ስደርስ ብዕሬን አነሳሁና ስሙን ልጻፈው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ልጁ የት እንዳለ፣ ይኑር አይኑር የሰማ የለም።

«ኬላው ላይ ይፈትሹናል» አሉ። «ተወው። እሷ ታውቀዋለች።»

ቦታውን ባዶ ተውኩት። ይህን ስጽፍም የሌላውን ሰው ሁሉ ስም ለውጬ አስቀምጫለሁ፤ የልጁን ቦታ ግን በሌላ ስም እንኳ አልሞላሁትም።

ኦቦ ገመቹ ወረቀቱን አራት ላይ አጥፈው ተነሱ። ወረቀቱን በኪሳቸው፣ ስሙን በሆዳቸው ይዘው ወደ ወለንጪቲ ሄዱ።